ፊርማ የሌለው አሥራ ሰባተኛው ድንጋይ

ሬይክያቪክ፣ መስከረም 20 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለጋሼ ተካልኝ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? የእትዬ ማንጠግቦሽስ ጉልበት ተሻለው? የኪሊማኒ ምግብ ቤት ደንበኞቻቸው አሁንም ከምሳ በኋላ አንነሣም እያሉ ያስቸግራሉ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ብርዱን ለምጄዋለሁ ብዬ አልዋሽዎትም። ነፋሱ ግን ሰው የሚጥል መሆኑን አውቄ ጎንበስ ብዬ መሄድ ተምሬያለሁ።

ቆርጠው የላኩልኝ ድንጋዮች ሐምሌ ላይ በደኅና መድረሳቸውን በስልክ ነግሬዎት ነበር። ያልነገርኩዎት መምህሬ ያሉትን ነው። የመጀመሪያውን ስላይድ፣ ድንጋዩ እንደ ቅጠል ሳስቶ የተለጠፈበትን መስታወት፣ ወደ መስኮቱ አዙረው አዩና «ይህን የሠራው ማን ነው?» አሉ። «የአባቴ የአክስት ልጅ ናቸው፣ እኔን ያሳደጉኝ። ናይሮቢ ፓርክላንድስ፣ ከእምነ በረድ ሱቅ ጀርባ» ስላቸው የቀለድኩ መሰላቸው። አዲስ አበባ ጂኦሎጂ ላቦራቶሪ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ሥሩ ጋዜጣ እስኪነበብ ድረስ ድንጋይ ያሳሱ እንደነበር፣ አሁን በስደት የመቃብር ድንጋይ እንደሚቆርጡ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ኮራሁብዎ ጋሼ፤ እንባዬም መጣ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። እንደሚያውቁት የምርምር መርከቧ ድንጋዮቹን የለቀመችው ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወለል ነው። በባሕሩ መሐል ለመሐል የሚሄድ ሸንተረር አለ። መሬት እዚያ ላይ ለሁለት ትከፈላለች፤ በስንጥቁ ከሥር የቀለጠ ዓለት ይወጣና ሲቀዘቅዝ አዲስ የባሕር ወለል ይሆናል። በአፋር ሥር ደግሞ ከምድር ጥልቅ የሚነሣ የጋለ ዓለት ዓምድ አለ። የኔ ሥራ ይህ ዓምድ በሸንተረሩ ሥር ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ማወቅ ነው። ቁጥር አንድ ከጅቡቲ አጠገብ የተነሣ ድንጋይ ነው፤ ቁጥር ሃያ ሁለት በምሥራቅ ከሁሉ የራቀው።

የኬሚካል ምርመራው ውጤት መጣ። ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ያሉት የዓምዱን ጠባይ ያሳያሉ፤ እየራቁ ሲሄዱ እየቀነሰ። ከአሥራ ሦስት ጀምሮ ያሉት ተራ የባሕር ወለል ድንጋይ ናቸው። ከቁጥር አሥራ ሰባት በስተቀር። እሱ አፋር ደጃፍ ላይ የተነሣ ይመስላል። ደግሞ ቀዳዳው! ጋዙ እንዳይነፋው ሁለት ሺህ ሜትር ውሃ ተጭኖት እንዲህ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ድንጋይ ማንም አይጠብቅም።

መምህሬ ቁርጡን ነገሩኝ። «ወይ ከሁሉ የሚበልጠው ድንጋይሽ ይህ ነው፣ ወይ ናይሮቢ ላይ ተቀላቅሏል። አንዱ ከተቀላቀለ ሃያ አንዱንም አላምንም» አሉ። የካቲት መጨረሻ በፈታኞች ፊት እቀርባለሁ። ሃያ ሁለቱ ከወደቁ ሥራዬ ሁሉ ወደቀ፤ ስኮላርሺፑም በዚያው ያበቃል።

ከዚያ በኋላ ስላይዶቹን እንደገና አወጣሁ። በሃያ አንዱ ጥግ ላይ በአልማዝ ጫፍ የሚጭሯት «ተ» አለች። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲሠሩ አይቼ ምንድን ናት ስልዎ፣ «ድንጋዩ ከከረጢት እስከ መስታወት ከዓይኔ ካልተለየ ብቻ ነው የምጭራት» ያሉኝን አልረሳሁም። አሥራ ሰባት ላይ የለችም። ለምን ጋሼ?

አክባሪ ልጅዎ ምሥራቅ ሐብተማርያም


ናይሮቢ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1990 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለምሥራቅ፣

እንደምን ከርመሻል? የሰማይ አምላክ በዚያ ነፋስ መካከል እጅሽን ይዞ ያቁምሽ። እኛ ደኅና ነን፤ ማለቴ እርጥብ ነን እንጂ ደኅና ነን። ዝናቡን ኤልኒኞ ይሉታል። ሲመጣ ስሙን አስተዋውቆ የመጣ ዝናብ በዕድሜዬ ያየሁት ይኼን ብቻ ነው። የማታቱ ሚኒባሱ መንገድ ወንዝ ሆኗል፤ ረዳቱ ግን ውሃ ውስጥ ቆሞ አሁንም «ሶንጋ፣ ሶንጋ፣ ጠጋ በሉ» እያለ ሰው ላይ ሰው ይጭናል። ትናንት አንድ ወፍራም ሰውዬ ጭኔ ላይ ተቀምጦ እስከ ፓርክላንድስ ሄድን፤ ስንወርድ እንደ ዘመድ ተሰነባበትን።

ባለ እምነ በረዱ ሙዘሚልም ሰላም ብሎሻል። የሱቁ ጣሪያ ያፈሳል፣ የሚቆረጠው እምነ በረድ ሁሉ ሸራ ለብሶ ተቀምጧል። ማንጠግቦሽ ዝናቡን ሽሽት የገባውን ሁሉ ደንበኛ አድርጋዋለች። ፎቶግራፍ ላኪልኝ ትላለች፣ ከነካፖርትሽ።

የመምህርሽን ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለሙዘሚልም አነበብኩለት፤ አማርኛ ባይሰማም ደስ አለው።

ስለዚያች ፊርማ፣ እጄ ረስቶት ይሆናል። እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ።

ይልቅስ አንድ ያልገባኝን ንገሪኝ። እኔ ድንጋዩን አውቃለሁ እንጂ እናንተ ዛሬ የምትሉትን አላውቅም። ያ የጋለ ዓምድ ከሥር ተነሥቶ ቀጥ ብሎ አይወጣም ወይ? ሸንተረሩን ተከትሎ ወደ ምሥራቅ ምን አስሄደው?

ሌላ ወሬ የለም። ኩለሱም፣ ያቺ ጨርቅ ልትገዛ ስትመጣ እኛ ዘንድ የምታርፈው ነጋዴ፣ እስካሁን ከሞያሌ አልመጣችም። መንገዱን ጎርፍ ቆርጦታል ይላሉ።

አጎትሽ ተካልኝ


ሬይክያቪክ፣ ኅዳር 12 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለጋሼ ተካልኝ፣

ሰላምታዬ ለሁላችሁም ይድረስ፤ ዝናቡም ደጃችሁን ብቻ አርሶ ይለፍ።

ጥያቄዎን መጀመሪያ ልመልስ፤ ጥሩ ጥያቄ ነውና። ዓምዱ ቀጥ ብሎ ነው የሚነሣው፣ ነገር ግን ከላይ የቀዘቀዘ ዓለት እንደ ክዳን ይጠብቀዋል። ክዳኑ ሸንተረሩ ላይ ስስ ነው፤ አዲስ የተሠራ፣ ገና ያልበረደ። ከሸንተረሩ ወዲያና ወዲህ በራቀ ቁጥር እየቀዘቀዘ ይወፍራል። እንግዲህ ከሥር ሆነው ቀና ብለው ቢያዩት የተገለበጠ አሸንዳ ነው። ውሃ በአሸንዳ ቁልቁል እንደሚፈስስ፣ ይህ የጋለ ዓለት ደግሞ ቀላል ስለሆነ ሽቅብ ይሻል፤ የአሸንዳውን ከፍ ያለ ቦታ ያገኝና በዚያው ተከትሎ ይነጉዳል። በእርግጥ በዓመት የሚሄደው በጣት የሚለካ ነው። በደረሰበት ሁሉ ከወትሮው የበለጠ ዓለት ይቀልጣል፤ የባሕሩ ወለል ይወፍራል፣ ከፍም ይላል። ሌላ ቦታ ስድስት ሰባት ኪሎ ሜትር የሆነው የባሕር ቅርፊት እኔ ባለሁበት አገር ሠላሳ ይደርሳል የሚሉ አሉ። አይስላንድ ከባሕር በላይ የወጣችውም ሸንተረሩ ዓምዱ ላይ ስለተቀመጠ ነው። ባለፈው ሳምንት ወስደውን ስንጥቁ መሐል ቆሜ ነበር፤ አንዱ ግድግዳ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ። እርስዎ ቢሆኑ ድንጋዩን በጥፍርዎ ሳይፈትሹ አይመለሱም።

አሁን ደግሞ እኔ ልናገር። «እጄ ረስቶት ይሆናል» አይበሉኝ። እርስዎ ጃንጥላ ይረሳሉ፣ መብራት ማጥፋት ይረሳሉ፣ የሠርጋችሁን ቀን እንኳ ይረሳሉ። ያቺን «ተ» አይረሱም።

እሑድ ዕለት ምግብ ቤት ደውዬ ነበር። እትዬ «ጋሼሽ ወጥቷል» አሉኝ። ከኋላቸው ሳል ሰማሁ። አምስት ዓመት አብሬዎት ኖሬ ሳልዎን አላውቀውም እንዴ? ስልኩን ዘግቼ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ የምጠላው ነገር ቢኖር እርስዎ ሲዋሹኝ ነው።

መምህሬ እስከ ጥር መጨረሻ ጠብቀው መልስ ካላገኙ አሥራ ሰባትን ከነወንድሞቹ አውጥተው ይጥሉታል። እባክዎ።

ምሥራቅ


ናይሮቢ፣ ኅዳር 30 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለምሥራቅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። የተገለበጠውን አሸንዳ ለሙዘሚል በወረቀት ሥዬ አሳየሁት። የሱን አሸንዳ መጀመሪያ እንድጠግንለት ጠየቀኝ።

ሳሉ የኔ ነበር። አፈርኩ።

ትንሽ ጊዜ ስጪኝ። አንድ ሰው እየጠበቅሁ ነው፤ ያ ሰው ሳይመጣ የምነግርሽ ሁሉ ግምት ነው፣ ግምት ደግሞ ለትምህርትሽ አይሆንም። ስልኩ ዝናብ ገብቶበት ሞቷልና አትድከሚ።

ተካልኝ

(በዚያው ፖስታ፣ በምግብ ቤት ደረሰኝ ጀርባ የተጻፈ)

ምሥራቄ፣ ሳያይ ነው የከተትኩት። ሰውዬው ምግብ ትቷል። በየቀኑ ኢስትሊ እየሄደ የሞያሌ መኪና ገባ አልገባ እያለ ይጠይቃል። ምን አለህ ሞያሌ ብዬ ብጠይቀው «ተይኝ» አለኝ፤ በሠላሳ ዓመት ትዳር ተይኝ ብሎኝ አያውቅም። የሚጠብቀው ኩለሱምን ነው። እኔስ ክፉ ነገር አላሰብኩም፤ ጎረቤት ግን ማሰብ ጀምሯል! ምን እንደሆነ ካወቅሽ ጻፊልኝ። ማንጠግቦሽ


ሬይክያቪክ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለጋሼ ተካልኝ፣

እንደ አባት የምወድዎ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልኝ። ባለፈው ደብዳቤ ድምፄን ከፍ አድርጌብዎታለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። እዚህ አሁን ፀሐይ አራት ሰዓት ታህል ብቅ ትልና ትጠፋለች፤ ሰው ጠባዩ ይበላሻል።

ፎቶግራፉ ይኸው፣ ከነካፖርቴ። ለእትዬ ወፍራለች እንዳይሉ ይንገሯቸው፤ ውስጡ ሦስት ሹራብ ነው።

ስለ አሥራ ሰባት ብዙ አሰብኩ። ተቀላቅሎም ከሆነ ተቀላቅሏል ይበሉኝ። ዲግሪው ቢቀርብኝ በጣም አዝናለሁ፣ አልዋሽም። ሁለት ዓመቴን እወደዋለሁ፤ አሥራ ሰባትንም፣ ያንን ዐመለኛ ድንጋይ፣ እወደዋለሁ። ነገር ግን እርስዎ ምግብ ትተው ብቻዎን ሲጨነቁ ከዲግሪው ይልቅ እሱ ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ። ከማን ሰማሽ አይበሉኝ።

የሆነውን ይጻፉልኝ። ሰው መጣ አልመጣ፣ እርስዎ የሚያውቁትን ብቻ።

ልጅዎ ምሥራቅ


ናይሮቢ፣ ጥር 2 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለምሥራቅ፣

ዛሬ ሰላምታውን አሳጥራለሁ፤ ካራዘምኩት ተመልሼ እጠፋብሻለሁ።

ድንጋዮቹ ከሞምባሳ ሲመጡ የባሕር ጨው ነበረባቸው። ጨው ያለበት ድንጋይ ማጣበቂያ አይዝም። የሙዘሚል ሱቅ ቧንቧ ጭቃ ስለሚያመጣ ቤት ወስጄ መታጠቢያ ቤት በሳፋ ዘፈዘፍኳቸው፤ እያንዳንዱን በሽንኩርት መረብ፣ ቁጥሩን በቆርቆሮ ላይ ጽፌ። ሳምንት ሙሉ ውሃ ቀየርኩላቸው። ከዚያ በየተራ እየወሰድኩ ቆረጥኳቸው። አሥራ ሰባት የዶሮ እንቁላል የምታህል ትንሽ ስለነበረች ለመጨረሻ አቆየኋት።

በዚያ ሰሞን ኩለሱም መጥታ እኛ ዘንድ አረፈች። አንድ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ስገባ የአሥራ ሰባት መረብ ተፈትቷል። ወለሉ ላይ ሁለት ድንጋዮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ቀዳዳ በቀዳዳ፣ ሁለቱም እርጥብ፣ ሁለቱም እንቁላል የሚያህሉ። አንዷ ያንቺ ናት። አንዷ የኩለሱም ተረከዝ መፈግፈጊያ።

መነጽሬ በዋዜማው ማታቱ ውስጥ ወድቆ ተረግጦብኛል። ለዓይኔ ሁለቱም ጥቁር ነገር ናቸው። ኩለሱም ሳሎን ቁርስ እየበላች ነበር። በር ላይ ቆሜ «የቷ ናት ያንቺ?» ብል አለቀ። ሦስት ቃል! ግን እንዴት ብዬ? ቤቴ ያረፈችን እንግዳ፣ ባሏ የሞተባትን ሴት፣ ተረከዝሽን በኔ ድንጋይ ፈግፍገሻል ወይ ልበላት? ዕቃ ነካሽብኝ ማለት አይሆንም? የያዘችው ጉርሻ ጉሮሮዋ ላይ አይቀርም? ይሉኝታ ያዘኝ። በእጄ ዳስሼ አንዷን መረቡ ውስጥ ከተትኩና ወጣሁ። ስመለስ ኩለሱም ሌላዋን ይዛ ወደ ሞያሌ ተሳፍራለች።

ልክ ነኝ አልኩ ለራሴ። ግማሿን ስላይድ፣ ግማሿን ዱቄት አድርጌ ላክሁልሽ፤ የተረፈ የለም። አልማዟን አንሥቼ «ተ» ልጭር ስል ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ከዓይኔ ተለይታለቻ!

ያኔም ቢሆን ይህን ያህል አልጨነቀኝም ነበር። «አፋር ደጃፍ ላይ የተነሣ ይመስላል» የሚለው ደብዳቤሽ ሲመጣ ነው ወንበር ፈልጌ የተቀመጥኩት። የኩለሱም ድንጋይ ከመተሐራ ነው። መተሐራ ደግሞ የዚያ ዓምድሽ ጎረቤት ነው።

እውነቱን ልንገርሽ፤ «ፊርማው ተረስቶ ነው፣ ድንጋዩ ትክክል ነው» ብዬ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ድንጋይ አልተሳሳትኩም እያልኩ ስፎክር የኖርኩ ሰውዬ፣ ባንቺ ላይ ልሳሳት? ኩለሱም ከመጣች የያዘችውን አይቼ እለያለሁ፤ መንገዱ ግን እስካሁን እንደተቆረጠ ነው። አትጠብቂ። ለመምህርሽ ይህን ደብዳቤ ተርጉሚላቸው። ጥፋቱ የኔ ነው በያቸው፣ ስሜን ከነአባቴ ጻፊው።

ተካልኝ


ሬይክያቪክ፣ ጥር 17 ቀን 1990 ዓ.ም.

ጋሼ! ጋሼ! ጋሼ!

ሰላምታ የለም ዛሬ፣ እልልታ ነው። አሥራ ሰባት የባሕር ድንጋይ ነው!

ቁጭ ይበሉና ያንብቡ። ደብዳቤዎን ፖስታ ሳጥኑ አጠገብ ቆሜ አነበብኩት። መጀመሪያ በጣም ተናደድኩ። «ባሏ የሞተባትን ሴት» የሚለው ጋ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ፤ አጠገቤ ያለችው አሮጊት አብራኝ ሳቀች፣ በምን እንደሆነ ሳታውቅ። ከዚያ ሮጥኩ። በበረዶ ላይ ሁለቴ ወደቅሁ።

ይኸውልዎ፣ እስካሁን የማየው ድንጋዩን ነበር። ቀዳዳውን ማን ያያል? ባዶ ነው። እርስዎ ግን ሁለት ድንጋይ ነበር ሲሉኝ ገባኝ። የመተሐራው ከሆነ ቀዳዳው ውስጥ የሚገኘው አፈር ወይም የኩለሱም ሳሙና ነው። የባሕሩ ከሆነ የባሕር ጭቃ። ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍቼ አንድ በአንድ አየሁ። ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ። አሥራ አንደኛው ቀዳዳ ጥግ ላይ ጭቃ! ጭቃው ውስጥ ደግሞ ዛጎል፤ እንደ እንክብል ክብ ክብ ክፍሎች ያሏት፣ በባዶ ዓይን የማትታይ የባሕር ፍጥረት ዛጎል። ሌላም ቀዳዳ ውስጥ ሁለት አገኘሁ። በመተሐራ እንዲህ ያለ ነገር ከየት ይመጣል?

ያዳኗት ደግሞ እርስዎ ነዎት። ከመቁረጥዎ በፊት ማጣበቂያውን በትዕግሥት ባያጠጧት ኖሮ ጭቃው በመቁረጫው ውሃ ታጥቦ ይሄድ ነበር።

መምህሬን ጠራሁ። በማይክሮስኮፑ ብዙ ደቂቃ አዩ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው «እንግዲያው ዓምዱ ዝም ብሎ እየቀነሰ አይደለም የሚሄደው» አሉ። በሸንተረሩ ሥር በየጊዜው እየገነፈለ ይሄዳል ማለት ነው፤ አንዱ ግንፍልታ ከሌላው ርቆ ይደርሳል፤ አሥራ ሰባት ያለበት የባሕር ወለል ከእንዲህ ያለው ተሠራ ማለት ነው። ቀዳዳውም ዓምዱ ከጥልቅ ይዞት የሚመጣው የጋዝ ብዛት ነው። ገና ብዙ ማረጋገጥ አለብኝ። ግን የሚረጋገጥ ነገር አለኝ!

ተቆጥቼዎታለሁ። በጥቅምት ደብዳቤዎ ቢነግሩኝ ኅዳር ላይ እናውቅ ነበር። ከቁጣዬ ግን እፎይታዬ በለጠ፤ ደብዳቤው እስኪደርስዎ አሥራ አምስት ቀን ሲጨነቁ እንደሚቆዩ ሳስብ ደግሞ ስልካችሁን ያበላሸውን ዝናብ ረገምኩት። ይብሉ አሁን። እትዬ ያቀረቡትን ሁሉ ይብሉ።

ምሥራቅ


ናይሮቢ፣ ጥር 19 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለምሥራቅ፣

ሰላምና ጤና ካንቺ ጋር ይሁን፤ ኩለሱም መጣች!

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ጭቃ በጭቃ ሆና፣ ሦስት መኪና ቀይራ ገባች። ማንጠግቦሽ ውሃ አቀረበችላት። እኔ ሰላም እንኳ ሳልል «ኩለሱም፣ ተረከዝሽን» አልኩ። ማንጠግቦሽ ሳህኑን እንደያዘች ቀረች።

«ተረከዜ ምን ሆነ?» አለችኝ።

እንግዲህ የመጣው ይምጣ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ሳቀች ልጄ፤ እስክታነባ ሳቀች። ከሻንጣዋ ድንጋይዋን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «እናቴ ከመተሐራ ነው ያመጣችልኝ፤ ሃያ ዓመት ይዤዋለሁ። አውራ ጣቴን እየው» አለች። አውራ ጣቷን ስታሳርፍ ልክ የሷ ጣት የሚገባበት ጎድጓዳ አለው፣ በመፈግፈግ ብዛት የተበላ። አዲሱን መነጽሬን አድርጌ አየሁት፤ እውነት ነው። የሷ ከሷ ጋር ነው። ያንቺም ካንቺ ጋር!

አላለቀም። «ያንተን ድንጋይማ» አለች፣ «የኔን ከሻንጣ ከማወጣ ብዬ ሞክሬው ተረከዜን ላጠኝ። በአንድ ጎኑ ብርጭቆ አለበት። ደም አውጥቶኝ ነው የጣልኩት፣ ከዚያ የራሴን አወጣሁ።» እግሯን ወንበር ላይ አድርጋ ጠባሳውን አሳየችን። ብርጭቆ! የቀለጠ ዓለት ባሕር ውስጥ በድንገት ሲቀዘቅዝ ዳሩ ብርጭቆ ይሆናል፤ ይህንን እኔ ሳልማር አውቀዋለሁ። ዓይኔ ያላየውን ተረከዟ አየው።

«ያን ጠዋት ለምን አልጠየቅኸኝም?» አለችኝ። ይሉኝታ ይዞኝ ነው አልኳት። «እኔም ድንጋይህን አላግባብ ነክቼ ይሆን ብዬ አፍሬ ነው ሳልነግርህ የሄድኩት» አለችኝ እኮ!

ማንጠግቦሽ «ሦስት ወር ሙሉ በአንዲት ተረከዝ ምክንያት ነው የተጨነቅኸው?» ብላ ስትስቅ ከጎረቤት ሰው መጣ። በልቻለሁ። ሁለት ጊዜ በልቻለሁ። እፎይ ነው ልጄ፤ እፎይ ማለት እንዲህ እንደሚጣፍጥ ረስቼው ነበር።

ይህ በጊዜ ይድረስልሽ እንጂ ሌላ ምን እፈልጋለሁ።

ተካልኝ


ሬይክያቪክ፣ የካቲት 30 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለጋሼ ተካልኝና ለእትዬ ማንጠግቦሽ፣

እግዚአብሔር ደስታችሁን ያብዛው፤ የኔን አብዝቶልኛል። አለፍኩ!

ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ተላለፉ አይደል? የእርስዎ ሲደርሰኝ እንደገና ሮጥኩ፤ መምህሬ አሁን በሩጫዬ ነው ደብዳቤ መምጣቱን የሚያውቁት።

ፈታኞቹ ፊት ምንም አልደበቅሁም። መታጠቢያ ቤቱን፣ የሽንኩርት መረቡን፣ ይሉኝታውን። ይሉኝታ የሚለውን መተርጎም አቅቶኝ ሳላስረዳ ሩብ ሰዓት አለቀ። ከፈታኞቹ አንዱ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሽማግሌ፣ «ብርጭቆ መኖሩ በምን ተረጋገጠ?» ብለው ጠየቁ። «በወይዘሮ ኩለሱም ተረከዝ» አልኩ። ሽማግሌው ሳቁ፤ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ዛጎሎቹን በግድግዳው ላይ አሳየሁ።

ወደ ምሥራቅ የሄደው ግንፍልታ በሌላም ቦታ ይገኝ እንደሆን መርከቧ ስትመለስ እንድፈልግ ቦታ ሰጥተውኛል። ጋሼ፣ ድንጋዮቹ ወደ እርስዎ ነው የሚመጡት። መምህሬ ለሌላ አልሰጥም ብለዋል። ነገር ግን በደብዳቤ አስጽፈውኛል፦ መታጠቢያ ቤቱ ቁልፍ ይኑረው።

አሁን አንድ ልመና። ከኔ ጋር የሚማረው ኬንያዊ ለዕረፍት ይመጣል፤ በእሱ እጅ አሥራ ሰባትን ልኬልዎታለሁ፣ በጥጥ ጠቅልዬ። ያቺን «ተ» ይጫሩልኝና ይመልሱልኝ። ያለሷ ሃያ ሁለቱ አልሞላልኝም።

ምሥራቅ


ናይሮቢ፣ መጋቢት 17 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለምሥራቅ፣

እንኳን ደስ ያለሽ፤ ያሳደጉሽ እጆች ሳይደርቁ ይህን ያሳየን አምላክ ይመስገን። ሙዘሚል እንዲያውም ሱቁን ግማሽ ቀን ዘጋ። ዝናቡም አባርቷል።

ስላይዱ በደኅና ደረሰ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ብዙ አየሁት። አንቺ ጫርልኝ አልሽ፣ እኔ ደግሞ ሕጌ አለብኝ፤ ድንጋዩ ከዓይኔ ተለይቶ ነበር። አንድ ጠዋት። ያንን ጠዋት እኔ አላውቀውም፣ የማያውቁትን ማጽደቅ አይቻልም። አንቺን እንቢ ማለት ደግሞ አልቻልኩም።

ኩለሱም ለሌላ ጨርቅ ተመልሳ መጥታ፣ ልትሳፈር ሻንጣዋን እያሰረች ነበር። ጠራኋት። ምን ልጭር እንደሆነ ነገርኳት፣ ፈቀደች፤ ሳቋን ይዛ አጠገቤ ቆመች። አልማዟን አነሣሁ። እጄ በዚህ ጊዜ ታዘዘኝ።

መልሼልሻለሁ። ጥጉን በማጉያ ብታዪው «ተ» አለች። ከሷ ቀጥሎ፣ ትንሽ ዝቅ ብላ፣ «ኩ» አለች። መምህርሽ ይህቺ ደግሞ የማን ናት ካሉሽ፣ እኔ ባልነበርኩበት ጠዋት ከድንጋዩ ጋር የነበረችው ሴት ፊርማ ናት በያቸው።

አጎትሽ ተካልኝ